ስለ ድግስ ብድርና ስለ ቤት ሒሳብ

በቅሎ ለመግዛት ወደ ገበያ የሚወርድ ሰው ጥርሷን አስከፍቶ ያያል፤ ኮቴዋን አንሥቶ ይመለከታል፤ ኮርቻ አስጭኖ ጥቂት ያስሮጣታል፤ ዋጋዋንም ሲጠሩለት ከእኩሌታው ጀምሮ እስኪመሽ ሲከራከር ይውላል። ይኸው ሰው ልጁን ሲድር ወይም የአባቱን ተዝካር ሲያወጣ ግን የበቅሎይቱን ዋጋ ብዙ እጥፍ የሚሆን ገንዘብ በአንድ ሌሊት ምክር ይበደራል። ስለ በቅሎይቱ የጠየቀውን ጥያቄ እኩሌታውን እንኳ ስለ ብድሩ አይጠይቅም። ይህም የሚሆነው ሰውየው አላዋቂ ስለ ሆነ አይደለም። በቅሎ የምትገዛው በገንዘብ ነውና ገንዘቡ ይቈጠርባታል፤ ድግስ ግን የሚደገሰው ለክብር ስለ ሆነ መቍጠሩ ንፉግነት መስሎ ይታየዋል።

እኛ በፍርድ ቤት የጽሕፈት ሥራ ላይ ስለምንገኝ ብዙ የብድር ወረቀት በእጃችን ያልፋል። ስካርና ቁማር ቤት ያፈርሳሉ ሲባል እንሰማለን፤ እውነትም ነው። ነገር ግን ዕዳ ተጠይቀው ከዳኛ ፊት ሲቆሙ ካየናቸው ሰዎች ብዙዎቹ ሰካራሞችም ቁማርተኞችም አልነበሩም። ደመወዝ ያላቸው፣ ልጆቻቸውን የሚያስተምሩ፣ በሰፈራቸው የሚከበሩ፣ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ስመው ወደ ሥራ የሚገቡ ሰዎች ነበሩ። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ምክንያት «ለቸገረኝ ጉዳይ» የሚል ይሆናል። ጉዳዩ ምን እንደ ነበረ ሲጠየቁ ግን ሰርግ ነው ይላሉ፤ አለዚያም ተዝካር ነው ይላሉ።

የሰርግ ወጪ በአንድ ቀን ተወልዶ አያድርም፤ እየተጎተተ ይመጣል እንጂ። መጀመሪያ ሽማግሌ ይላካል፤ ሽማግሌ ባዶ አፉን አይመለስም። ቀጥሎ ጥሎሽ ይመጣል። ከዚያም ድንኳን፣ ጠጅና ጠላ፣ ሰንጋና በግ፣ የሙሽሮቹ ልብስ፣ የሚዜዎቹ ልብስ፣ ዘፋኙ፣ መኪናው፣ ፎቶግራፍ አንሺው ይከተላል። ይህ ሁሉ አለቀ ሲባል መልስ አለ፤ ከመልስም በኋላ ቅልቅል አለ። ባለ ድግሱ በየደረጃው «ይህን ያህል ካወጣን ዘንድ ለዚችስ ለጥቂቷ ምን እንሆናለን» ይላል፤ ጥቂቷም ሳትታወቅ ከትልቋ ትበልጣለች። ሰርጉን ሳይጀምሩ በመላው ቢጠይቁት ኖሮ ግን ያን ያህል ገንዘብ አላወጣም ብሎ በማለ ነበር። ስለዚህ የሰርግ ሒሳብ ከሽማግሌው ዕለት አንሥቶ እስከ ቅልቅሉ ድረስ አንድ ሆኖ በአንድ ወረቀት ሊጻፍ ይገባዋል። ለአንድ እንግዳ 600 ብር ብንገምት 300 እንግዳ 180,000 ብር፣ 120 እንግዳ 72,000 ብር ይበላል። በመካከሉ ያለው 108,000 ብር የብዙ ወር ደመወዝ ነው። ይህን ልዩነት የሚወስነው ደግሞ የጥሪ ወረቀት የሚጽፈው ልጅ እንጂ ወጥ ቤቷ አይደለችም።

ተዝካር ከዚህ የሚለየው ኀዘን ስለ ገባበት ነው፤ በኀዘን ውስጥ ያለ ሰው ደግሞ ሒሳብ አይገባለትም። ቤተ ክርስቲያን ሙታንን በሦስተኛው፣ በሰባተኛው፣ በዐሥራ ሁለተኛው፣ በሠላሳኛው፣ በአርባኛው፣ በሰማንያኛው ቀን፣ እንደዚሁም በመንፈቅና በዓመት ታስባለች። በእነዚህ ቀኖች የሚደረገው ጸሎትና ቅዳሴ፣ ለድሆችም የሚሰጥ ምጽዋት ነው። ካህናቱና ነዳያኑ የሚበሉት ዳቦና ጠላ ማንንም ሲያደኸይ አላየንም። የሚያደኸየው ከነዳያኑ በስተጀርባ ባለው ድንኳን ውስጥ፣ ምሳውን በቤቱ ሊበላ የሚችለው ጎረቤት፣ ሹምና ባለጠጋ የሚመገበው ነው። ይህን ስንል ተዝካርን መንቀፋችን አይደለም፤ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት አድገን እንዲህ ብንል እናፍራለን። ጸሎቱና ድንኳኑ ሁለት ነገር መሆናቸውን ግን ልንለይ ይገባናል።

አንድ ጉዳይ እንንገር፤ ስሙንና አገሩን ሰውረናል። አንድ ደመወዝተኛ የአባቱ ሙት ዓመት በደረሰ ጊዜ ከአንድ አራጣ አበዳሪ 150,000 ብር ተበደረ። ወለዱ በወር ከመቶ ዐሥር ሆነ፤ ይኸውም በየወሩ 15,000 ብር ማለት ነው። የሰውየው የወር ደመወዝ 18,000 ብር ነበር። ዋናውን ሳይነካ ወለዱን ብቻ ቢከፍል ለልጆቹ ምግብ 3,000 ብር ይቀረው እንደ ነበር ሕፃን እንኳ ሊያሰላው የሚችል ነው። እርሱ ግን ይህን ሒሳብ አልሠራም፤ ሦስት ወንድሞቹ ከድግሱ በኋላ እንደሚያዋጡ ታምኖ ነበርና። አበዳሪው ደግሞ አራጣ የተጻፈበት ወረቀት ከፍርድ ቤት ቢደርስ እንደማይረዳው ያውቃል። ስለዚህ የስድስት ወሩን ወለድ 90,000 ብር ከዋናው ጋር ደመረና «240,000 ብር በእጄ ቈጥሬ ተቀብያለሁ» የሚል ወረቀት አስፈረመው። ስለ ወለድ አንድም ቃል የለበትም።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በሰውና በሰው መካከል በሚደረግ የገንዘብ ብድር በዓመት ከ12 በመቶ የሚበልጥ ወለድ መዋዋልን ይከለክላል፤ የወለዱ ልክ ካልተወሰነም 9 በመቶ ይታሰባል። ባንኮች የሚመሩበት ደንብ ሌላ ነው። ከዚህም ቀደም ቢሆን ፍትሐ ነገሥት አራጣን አጥብቆ የሚከለክል መሆኑን በአብነት ትምህርት ቤት የተማረ ሁሉ ያውቀዋል። በ12 በመቶ ቢሆን ኖሮ የዚያ ሰው የዓመት ወለድ 18,000 ብር ብቻ በሆነ ነበር፤ አበዳሪው የጠየቀው ግን በዓመት 180,000 ብር ያህል ነው። ሕጉ ባለዕዳውን ለማዳን የቆመ ቢሆንም ሰውየው ያልተቀበለውን ገንዘብ ተቀብያለሁ ብሎ በሁለት ምስክር ፊት ስለ ፈረመ ራሱ በሩን ዘግቶበታል። ሕግ በወረቀት የተጻፈውን ያያል፤ ያልተጻፈውን ለማስረዳት ብዙ ድካም ያስፈልጋል።

ስድስቱ ወር ሲያልፍ ወንድሞቹ አላዋጡም። አንዱ ልጄ ታሞብኛል አለ፤ ሁለተኛው ድግሱን ያበዛኸው አንተ ነህ አለ፤ ሦስተኛው መልስ እንኳ አልሰጠም። በድንኳኑ ውስጥ ግን ሦስቱም ከፊት ተቀምጠው ነበር። አበዳሪው ከሰሰ። ሚስቲቱ ስለ ብድሩ የሰማችው መጥሪያው ከደጃፏ ሲደርስ ነው።

በዚህ ስፍራ አንባቢዎቻችን ሁሉ፣ ይልቁንም ወይዛዝርቱ ሊያውቁት የሚገባ ነገር አለ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ከባልና ሚስት አንዱ ያለ ሌላው ፈቃድ ከ500 ብር በላይ ሊበደር ወይም ሊያበድር፣ ለሌላ ሰውም ከዚህ በላይ ለሆነ ዕዳ ዋስ ሊሆን እንደማይችል ይደነግጋል። የጋራ ቤትንም አንዱ ብቻውን ሊሸጥ ወይም በዋስትና ሊያስይዝ አይችልም። ያለ ፈቃዱ የተደረገበት ወገን ነገሩን ባወቀ በስድስት ወር ውስጥ፣ በማናቸውም ሁኔታ ግን ውሉ ከተደረገ ሁለት ዓመት ሳይሞላ ውሉ ይፍረስልኝ ብሎ ፍርድ ቤትን መጠየቅ ይችላል። ክልሎች የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ ስለሚያወጡ በየክልሉ ያለውን አስቀድሞ መጠየቅ ያሻል። የሆነ ሆኖ ይህን ሕግ የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው፤ ባልም ከሚስቱ ተደብቆ ሲበደር የሚያፍረው ከእርሷ እንጂ ከሕጉ አይደለም።

ሚስቲቱ በጊዜው አቤቱታዋን አቀረበች። አበዳሪውም ነገሩ ወደ አራጣው እንዳይመለስበት ፈርቶ በሽማግሌ ለመታረቅ እሺ አለ። ከሽማግሌዎቹ ፊት ብዙ ተነገረ፤ ሚስቲቱ የተናገረችው ግን እስከ ዛሬ ከጆሯችን አልወጣም። «አባቶቼ፣ የባለቤቴ አባት ሁለት ዓመት ሙሉ የዓይናቸውን ሞራ ያስገፍፉ ዘንድ ለምነውን ነበር። ገንዘብ የለም ብለናቸው ሳያዩ ሞቱ። ከሞቱ በኋላ ግን 150,000 ብር ተገኘላቸው» አለች። ባልየው አንገቱን ደፋ፤ ከሽማግሌዎቹም አንድ ሰው አልመለሰላትም። ዕርቁ በእውነት በተቀበለው በ150,000 ብርና በሕጉ ወለድ ሆኖ ዕዳው በሁለት ዓመት ተከፍሎ አለቀ። እንዲያልቅ ግን ሚስቲቱ ከእናቷ የወረሰችውን ወርቅ ሸጣለች፤ ይህንንም እንድታደርግ ማንም አላስገደዳትም።

ከብድር ቀጥሎ ደመወዝተኛን የሚያስቸግረው ዋስትና ነው። ደመወዝ ያለው ሰው የታወቀ ገቢ ስላለው ዘመዱም ወዳጁም የሥራ ባልደረባውም ወደ እርሱ ይመጣል። መጽሐፈ ምሳሌ በስድስተኛው ምዕራፍ ስለ ዋስ የሚናገረውን ስናነብ ይህ ነገር የዛሬ ችግር ብቻ አለመሆኑን እንረዳለን። ሕጉ ዋስነት በግልጥ ቃል እንዲሆን፣ ዋሱ የሚጠየቅበትም ገንዘብ ልኩ በወረቀቱ እንዲጻፍ ያዛል፤ ልኩ ያልተጻፈ ዋስትና አይጸናም። እንግዲህ ልኩ ተጽፎ ሲቀርብልን ራሳችንን የምንጠይቀው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ ይኸውም «ይህን ገንዘብ ዛሬ ለዚህ ሰው በነጻ እሰጠዋለሁን?» የሚል ነው። የማንሰጠው ከሆነ አንፈርምም። እምቢ ለማለት የሚያፍር ሰው «ያለ ባለቤቴ ፈቃድ ሕጉ አያስፈርመኝም» ቢል ሐሰት አይሆንበትም፤ እኛም ይህን ምክር ለብዙ ሰው ሰጥተን ጠቅሞታል።

ያለ አራጣ ገንዘብ የሚገኝበትን መንገድ አባቶቻችንና እናቶቻችን አላጡትም። ዕቁብ አንዱ ነው። 20 ሰዎች በየወሩ 2,000 ብር ቢጥሉ በየወሩ ለአንዱ 40,000 ብር ይደርሰዋል። በመጀመሪያው ወር የወጣለት ሰው 2,000 ብር ብቻ ጥሎ 40,000 ተቀብሏልና 38,000 ብር ያለ ወለድ የተበደረ ነው፤ ጥቂት በጥቂት በ19 ወር ይመልሰዋል። መጨረሻ የሚደርሰው ግን እስከዚያ ድረስ ለሌሎቹ ሁሉ ያለ ወለድ ሲያበድር የኖረ ነው፤ ዋጋ በሚወደድበት ዘመን የሚቀበለው 40,000 ብር መጀመሪያ የወጣለት ሰው የገዛበትን ያህል አይገዛለትም። ስለዚህ ቀኑ የታወቀ ጉዳይ ያለበት ሰው ለምሳሌ ልጁን ከፋሲካ በኋላ የሚድር እንደ ሆነ አስቀድሞ ለዳኛው ነግሮ ዕጣውን ቢለዋወጥ ወይም በስምምነት ቢገዛ ይሻለዋል። ዕጣ የወጣለት ሁሉ ዋስ መጥራቱ ደግሞ ክብርን የሚነካ ሳይሆን ዕቁቡን የሚጠብቅ ነው፤ ትልቅ ሰው ነው ተብሎ ያለ ዋስ የተሰጠበት ዕቁብ ሲበተን አይተናል።

ዕድርም ቢሆን የቤት ሀብት ነው። በየወሩ ሲከፍሉለት ኖረው በኀዘን ቀን ድንኳኑንና ዕቃውን፣ ገንዘቡንም የሚያቀርብ ሆኖ ሳለ ብዙ ሰው ዕድሩ የሰጠውን እንዳልተሰጠ ቈጥሮ በላዩ ይበደራል። ሃያ ዓመት የተከፈለበት ነገር እኮ የራስ ገንዘብ ነው።

ገንዘብን ስለ ማኖር ጥቂት እንበል። ቀድሞ የማርያ ትሬዛ ብር በገንቦ ተደርጎ ከምድር ይቀበር ነበር። ብሩ የጥፍጥፍ ብር ስለ ነበረ ክብደቱ አብሮት ይኖራል፤ የቀበረውም ሰው ፈጽሞ የተሳሳተ አልነበረም። በ1898 ዓ.ም. የአቢሲንያ ባንክ ተከፈተ፤ ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. ደግሞ አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ወጣ። የወረቀት ገንዘብ ቢቀብሩት እንደ ማርያ ትሬዛ አይቆይም። በ1969 ዓ.ም. የብሩ ወረቀት ተለውጧል፤ በ2013 ዓ.ም. መስከረምም የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ወረቀቶች ተለውጠው የ200 ብር ወረቀት ሲጨመር አሮጌውን ለመለወጥ የተሰጠው ጊዜ ሦስት ወር ብቻ ነበር። በዚያን ጊዜ ከፍራሽ ውስጥና ከሣጥን ሥር የወጣው ገንዘብ ያስደንቅ ነበር፤ አንዳንዱንም አይጥ ቀድማ በልታዋለች።

ባንክም ቢሆን ሁሉን አይፈታም። በ2010 ዓ.ም. ጥቅምት ብሔራዊ ባንክ ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ አደረገው፤ በ2014 ዓ.ም. ግን የዋጋው ንረት ከ30 በመቶ በላይ ደርሶ ነበር። እንዲህ ባለው ዓመት 100 ብር ያኖረ ሰው 107 ብር ሲቀበል አምና በ100 ብር ይገዛው የነበረውን ዕቃ ለመግዛት ከ130 በላይ ያስፈልገዋል። እንግዲህ በእኛ አስተያየት በዓመቱ ውስጥ የሚፈለገው ገንዘብ፣ ለሕመምና ለድንገተኛም የሚሆነው ከባንክ ይቀመጥ፤ ለረጅም ጊዜ የሚታሰበው ግን ወደ ነገር ይለወጥ። የሚያፈስ ጣራ ይከደን፤ የሚከራይ ክፍል ይሠራ፤ ልጅ ሙያ ይማር። ዮሴፍ በግብፅ በጥጋቡ ዘመን አምስተኛውን እጅ ያስቀመጠው እህሉን ነበር፤ ወርቅ አላስቀመጠም።

እህልን ካነሣን ዘንድ ጤፍ መኸር ገብቶ በጥርና በየካቲት ሲረክስ፣ በክረምት ደግሞ ሲወደድ እናያለን። ጤፍ እንደ በቆሎና እንደ ማሽላ ነቀዝ ቶሎ አይደፍረውም፤ ደረቅ ስፍራ ካገኘ ብዙ ይቆያል። የዓመቱን ጤፍ በአንድ ጊዜ ለመግዛት ዐቅም ያለው ሰው በየወሩ ከሚገዛው ይልቅ ያተርፋል። ይህን ግን በብድር ገንዘብ የሚያደርግ እንደ ሆነ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን እንደ ጣለችው መሆኑ ነው።

በየቤቱ የጐደለው ትልቁ ነገር አንድ ደብተር ነው። የሰፈሩ ባለ ሱቅ ዱቤ የሚጽፍበት ደብተር አለው፤ ስኳሩን፣ ዘይቱን፣ ሳሙናውን በቀኑ ይጽፋል። የሚበላው ቤት ግን ደብተር የለውም። ስለዚህ ወር ሲደርስ ምን እንደ በላን የሚነግረን ባለ ሱቁ ነው፤ እኛም ተከራክረን የምናስረዳበት ስለሌለን ያለውን እንከፍላለን። ባልና ሚስት ደመወዝ የገባ ዕለት ማታ ተቀምጠው የዕለት ጉርሱንና የዓመት ልብሱን፣ የቤት ኪራዩን፣ የትምህርት ቤቱን ክፍያ፣ ዕቁቡንና ዕድሩን ቢጽፉ ከግማሽ ሰዓት አይበልጥባቸውም። ከሁሉ አስቀድሞ የሚጻፈው የሠራተኛይቱ ደመወዝ ይሁን። ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ ስለ ተያዘ የሠራተኛ ደመወዝ የተናገረው ለባለ እርሻ ብቻ አይደለም፤ የሦስት ወር ደመወዟ ተይዞባት ለሰርጉ ሽንኩርት ስትልጥ የምታድር ልጅ ባለችበት ቤት ስለ ክብር ማውራት አይቻልም።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ብድር ግድ የሚሆንበት ቀን ሊመጣ ይችላል፤ ሕመም ቀጠሮ አይሰጥምና። እንዲህ በሆነ ጊዜ ከ500 ብር የሚበልጥ ብድር በጽሑፍ ይሁን፤ ከዚያ በላይ የሆነውን ሕጉ በጽሑፍ፣ አለዚያም በፍርድ ቤት በሚደረግ እምነት ወይም መሐላ ካልሆነ በምስክር ቃል አያስረዳም። በወረቀቱ የሚጻፈው በእውነት የተቀበሉት ገንዘብ ብቻ ይሁን፤ ወለዱ ለብቻው በግልጥ ይጻፍ፤ ባልና ሚስት ሁለቱም ይፈርሙ፤ አንድ ቅጂ ከቤት ይቅር። ሲከፈልም ለተከፈለው ሁሉ ደረሰኝ ይያዝ። የመጨረሻው ብር የተቈጠረ ዕለት አበዳሪው «ወረቀቱ ከሌላ ቤት ነው፣ ነገ እልክልሃለሁ» ቢል ባለዕዳው ቡናውን እየጠጣ ይጠብቅ እንጂ ባዶ እጁን አይሂድ። አበዳሪው ሞቶ ልጆቹ ከሣጥኑ ባገኙት አሮጌ ወረቀት የተከፈለ ዕዳ ሁለተኛ ሲጠይቁ አይተናል፤ ልጆቹም አባታቸው መቀበሉን ስላላወቁ በእውነት ያልተከፈለ መስሏቸው ነበር።